ሻንጣ ለበዛበት መንገደኛ፦ አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት?

ከአዲስ አበባ ዴንቨር ልትሄዱ ነው እንበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው በሌላ አየር መንገድ ነው። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት መግዛት ይቻላል። ለየብቻ መቁረጥም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ረከስ ብሎ የሚታየው ይሄኛው ነው። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሂሳቡ ይቀየራል።

አንድ ቲኬት ከሆነ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ከእናንተ ጋር ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወይም ከዚያ የሚነሳ ጉዞ በአንድ ቲኬት ከተሸጠ፣ መነሻው ላይ የሠራው የሻንጣ መጠንና ዋጋ እስከ መጨረሻው መሥራት አለበት። በመልሱም እንደዚያው። ቲኬታችሁ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ከፈቀደ አሜሪካ ውስጥ የሚያበርራችሁ አየር መንገድ እንደገና ክፈሉ አይላችሁም።

ሁለት ቲኬት ከሆነ ግን ለሁለተኛው አየር መንገድ ከደለስ ዴንቨር የሚሄድ ተራ መንገደኛ ናችሁ። ከአዲስ አበባ መምጣታችሁ አያገባውም። ለመጀመሪያው ሻንጣ 40፣ ለሁለተኛው 50 ዶላር ቢያስከፍል አንድ ሰው 90 ይከፍላል። አራት ሆናችሁ ስምንት ሻንጣ ከያዛችሁ 360 ዶላር፣ ያውም ለመሄጃው ብቻ! በርበሬውና ሽሮው 23 ኪሎን ካሳለፈው ደግሞ የትርፍ ኪሎ ክፍያው ሁለት ቦታ ነው።

ደለስ ላይ በሁለቱም መንገድ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ በጉምሩክ ማለፍ ግድ ነው። በአንድ ቲኬት የመጣ ሰው ሻንጣው ላይ ዴንቨር የሚል ታግ ስላለ እንደወጣ መልሶ ያስረክባል። ሌላው እየጎተተ ወደ ቼክኢን ሄዶ ይሰለፋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው አዲስ ቲኬት በራሱ ኪስ ነው። ለእኔ ከሻንጣው ክፍያ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

በሁለት ቲኬት ሆናችሁ አውሮፕላን የምትቀይሩት አውሮፓ፣ ሸንገን አገር ውስጥ ከሆነ ይብሳል። ሻንጣ ለማውጣት ድንበር ማለፍ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ያለ ሸንገን ቪዛ አያልፍም።

ወረቀቱ አንድ ስለሆነ ቲኬቱም አንድ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ወኪሉ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ሊያትማቸው ይችላል። ባለ 13 አሃዙን የቲኬት ቁጥር እዩ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071 ይጀምራል። ለሁለተኛው በረራ ሌላ ቁጥር ካለ ሁለት ቲኬት ነው የገዛችሁት። አንዱ በረራ ላይ «2ፒሲ» (2PC፣ ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል ማለት ነው) ሌላው ላይ «0ፒሲ» (ምንም አይፈቀድም) የሚል ካያችሁም ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ለየብቻ መቁረጥ የሚያዋጣው የእጅ ሻንጣ ብቻ ለያዘ ሰው ነው። ወይም ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ጋ ሁለት ቀን ማደር ለሚፈልግ፤ እሱ ያኔ ሻንጣው ዴንቨር ድረስ ቀድሞት እንዲሄድ አይፈልግም።