እድራችን የገዛው ባለ 6 ኪሎ እሳት ማጥፊያ

አዳማ ላይ እድራችሁ ከድንኳንና ከድስት ሌላ ዕቃ ለመግዛት ካሰበ፣ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይግዛ። ዕቃው ጥሩ ነው። የሸጠልን ሱቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እደርስበታለሁ።

እኔ የእድሩ ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ በርሜሉ፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በእኔ ፊርማ ነው የሚወጣው። እሳት ማጥፊያ ይገዛ ሲባል አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ለለቅሶ ምን ይሠራል?» አሉ። ሰው ሳቀ። ጸሐፊያችን ማንበብ ይወዳል፤ ተነሥቶ የአሜሪካዊውን የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ነገር አወራልን። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1736 ፊላደልፊያ ውስጥ ከከተማው ሰዎች ጋር የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ማኅበር አቋቋመ። ዩኒየን ፋየር ካምፓኒ ይባላል። ደሞዝ የለም። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት ቤቱ ያስቀምጣል። አባላቱ 30 ያህል ነበሩ፤ ልግባ ባዩ ሲበዛ ሌላ ማኅበር አቋቁሙ ተባሉ። በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ የቀረ ይቀጣል። በቅጣቱም መሰላል፣ የውሃ መርጫ ፓምፕና ጣሪያ መጎተቻ ሜንጦ ይገዙበታል።

«ቅጣት» ሲባል ያንቀላፋውም ነቃ። እኛ ጋስ ቢሆን? እሳት አደጋ እስኪደርስ ኡኡታ ሰምቶ ባልዲ የሚቀባበለው፣ ቆርቆሮ የሚነቅለው ጎረቤት አይደል? አሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ዛሬም እሳት የሚያጠፉት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ግዢው ጸደቀ፤ ብሩም ከቅጣት ሣጥኑ ወጣ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ኤቢሲ የሚባለው ዱቄት ነው፤ ሲሊንደሩ ላይ ተጽፏል። እንጨትና ጨርቅ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ፣ መብራት ያለበት ዕቃ ላይም ይሠራል። ለእኛ ግቢዎች የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰርቪስ ቤቶቹ ተጣብቀው ተደርድረዋል፤ አንዱ ዲቫይደር ላይ ምጣዱም ፍሪጁም ይሰካል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ተራ ዲቫይደር ይህን አይችልም፤ ግሎ ይቀልጣል።

አንድ እሁድ ጠዋት የሆነው ይኸው ነው። እንጀራ እየተጋገረ ዲቫይደሩ ጨሰ፣ መጋረጃው ተያያዘ። ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፉ። አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ ሲሊንደሩን ይዞ ደረሰ። ቀለበቱን ነቅሎ እጀታውን ጨመቀ። የረጨው ግን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ነበር፤ ዱቄቱ አየር ላይ ቀረ። «ሥሩን! ሥሩን!» ተብሎ ሲጮህበት የመርጫውን አፍ ዝቅ አድርጎ ግራ ቀኝ አወዛወዘው። ጠፋ። መቸኮሉ አይፈረድበትም፤ ይህ ሲሊንደር የሚረጨው ለ15 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ።

ጉድለቱ ያው ዱቄቱ ነው። የማይገባበት የለም። የቤቱ እመቤት በርበሬና ሽሮ ተጣለ። እርጥበት ካገኘ ብረት ስለሚበላ ቶሎ በደረቁ መጥረግ ያስፈልጋል። ለጋለ ዘይትም አይመከርም። ፓስቲና ሳምቡሳ የምትጠብሱ፣ ዘይቱ ከተያያዘ ምድጃውን አጥፉና ክዳን ድፉበት። ውሃ እንዳትደፉ፤ ይፈነዳባችኋል።

አንዴ ከተረጨ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ እንደገና መሞላት አለበት። ዱቄት ቫልቩ ላይ ስለሚቀር ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። የሱቁ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲሸጡልን ሻይ ጋብዘውናል። ለሙሌት ስወስደው «ነገ ና»። ስመለስ «ልጁ አልገባም»። ሲያስረክቡኝ ደግሞ የተሞላበት ቀን አልተጻፈም፣ ፒኑም ላይ ማኅተም የለም። ጌጁ፣ ማለት የግፊት መለኪያው፣ አረንጓዴ ላይ ነው ብለው ተከራከሩኝ። ጌጅ የሚናገረው ግፊት መኖሩን ነው፤ ዱቄቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይናገርም። የሙሉው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ስለተጻፈ ሚዛን አምጡ አልኩ። ተመዘነ፣ ጎደለ። ዓይኔ እያየ ጨመሩበት።

ለዕቃው አራት ኮከብ። ለሱቁ ሁለት፤ አንዷ ለሻዩ ናት።

የት ይሰቀል የሚለውም አጨቃጭቆን ነበር። የእድሩ ዕቃ ቤት ይቆለፋል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ሥራ እውላለሁ። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋው የጥጉ ሱቅ ውስጥ፣ ከዳቦ መደርደሪያው አጠገብ ሰቀልነው። ልጁም ያን ዕለት ያነሣው ከዚያ ነው። ለታችኛው መንደር ሁለተኛ ልንገዛ ተስማምተናል። ብሩ ግን ገና ነው፤ በዚህ ወር ከስብሰባ የቀረ ሰው የለም።