«የቅባት እድፍ በደቂቃ ያስለቅቃል» የሚባለውን ጠርሙስ አትግዙ

ሰሞኑን በታክሲ መያዣ አካባቢ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክም ጭምር፣ ማንኛውንም የቅባት እድፍ ያስለቅቃል እየተባለ የሚሸጥ የሚረጭ ጠርሙስ አለ። አንዱ 450 ብር፣ ሁለት ለሚወስድ 800። በዓል በመጣ ቁጥር ገበያው ይደራል፤ ከዶሮ ወጥና ከቅቤ የተረፈ ቀሚስ የለምና። ብራችሁ ቢቀር ይቀራል፣ ልብሳችሁን ግን አትስጡት።

መንገድ ላይ የሚያሳዩት ነገር ዓይን ይይዛል። ሻጩ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ወዲያው ይረጫል፣ በትንሽ ውሃ አሸት አሸት ሲያደርገው ጥርት ይላል። ግን ልብ በሉ፦ ዘይቱ አሁን የፈሰሰ ነው፣ በርበሬ የለበትም፣ እርድ የለበትም፣ ጨርቁም ጥለት የለውም። እንዲህ ያለውን እድፍ ተራ ላርጎም ያስለቅቀዋል። ካውያ የተተኮሰበት የቆየ እድፍ አቅርቡለትና እዩት፤ «እሱን ቤት ወስደሽ አሳድሪው» ነው የሚላችሁ። ሰውየው ቅቤ አንጓች ነው፣ ቅቤ አስለቃቂ ግን አይደለም።

ጎረቤቴ ለፋሲካ በለበሰችው የሐበሻ ቀሚስ ላይ ወጥ ጠብ ብሎባት ይህንኑ ረጨችበት። ቅባቱ እዚያው ቀረ፤ ቀዩ ጥለት ግን ተዥጎርጉሮ ደበዘዘ። ጠርሙሱን ከፍተን ስናሸተው በረኪና በረኪና ይላል። በረኪና ቀለም ይበላል እንጂ ቅባት አያሟሟም። ሐርና ሱፍ ከሆነማ ክሩን ራሱን ያበላሸዋል።

አንዱ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ቢጫው የአልጫ እድፍ ሲረጭበት ቀይ ይሆናል፣ ሻጩም «አያችሁ፣ መድኃኒቱ ሥራ ጀመረ» ይላል። ይህ የእርድ ጠባይ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ቤታችሁ በልብስ ሳሙና ብትሞክሩት ያው ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ «እድፉ እምቢ ካለ ሎሚ ጨምሩበት» የሚለው ምክራቸው ነው። በረኪና ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ከተጨመረ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቶ የሚያጥብ ሰው አስቡት። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ጠርሙስ ከገጠማችሁ ደግሞ ቅባቱን ሊያሟሟ ይችል ይሆናል፣ ነገር ግን ትነቱ ከሰልም ሆነ ምድጃ ካለበት ክፍል ውስጥ እሳት ይጠራል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ይኸውላችሁ። ቅባቱ እንደፈሰሰ አትሹት፣ ወደ ክሩ ይገባል። የሕፃን ፓውደር ወይም ነጭ ዱቄት ነስንሱበት፣ እስኪመጠው ጠብቁና አራግፉ። ከዚያ ላርጎውን በውሃ ሳትበጠብጡ እድፉ ላይ ብቻ አድርጉና በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ሩብ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ለብ ባለ ውሃ አጥቡት። ጥለት ካለው መጀመሪያ በውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ሞክሩ፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ። እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ አታስነኩት፣ ሙቀቱ ቅባቱን ያጣብቀዋል። ካልለቀቀ ድገሙት። ቅባቱ ወጥቶ የበርበሬው ወይም የእርዱ ጥላ ከቀረ፣ ጥለቱን ሸፍናችሁ ነጩን ብቻ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሁለቱም ቀለሞች ፀሐይ አይችሉም። ወርቀ ዘቦና ሐር ከሆነ ግን ከፓውደሩ አትለፉ፣ ለምታምኑት ላውንደሪ ስጡት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። የመንገዱ ሻጭ ደረሰኝም አይሰጥ፣ ነገ የት እንደሚቆምም አይታወቅ። በቴሌግራም የገዛችሁ ግን ብር የላካችሁበትን የባንክ መልእክትና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፤ ፎቶ አንሱት፣ ምክንያቱም ቅሬታ ሲበዛ ቻናሉን ዘግተው በሌላ ስም ይከፍታሉ። ጠርሙሱንም አትጣሉት፤ በውስጡ ምን እንዳለና ማን እንደሠራው የሚገልጽ ጽሑፍ የሌለበት መሆኑ ራሱ ለንግድ ቢሮ የምታሳዩት ማስረጃ ነው።