ድሬ ላይ የገዛሁት ቢ550 ማዘርቦርድና ራም፣ ከነሱቁ

ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ቦርዱ ጥሩ ነው፣ ራሙም ጥሩ ነው፣ ሱቁ ግን ግማሽ በግማሽ። ድሬ ላይ ጌም የሚጫወት ኮምፒውተር ልትገጣጥሙ ካሰባችሁ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) እና ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) አንድ ላይ ግዙ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲነሳ አይታችሁ። ቦርዱን ዛሬ፣ ራሙን ብር ሲገኝ ከሌላ ሰው የሚባለው ነገር ጣጣው ብዙ ነው።

የገዛሁት ኤምኤስአይ ቢ550ኤም ፕሮ-ቪዲኤች ዋይፋይ ነው። ከሱ ጋር ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና ኪንግስተን ፊውሪ ቢስት ራም፣ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ፣ ፍጥነቱ 3200። ሱቁ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ነው፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ኤኤም5 የሚባለው አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት (ራይዘን ፕሮሰሰር የሚሰካበት ቦታ) የሚቀበለው አዲሱን የራም ትውልድ፣ ዲዲአር5ን ብቻ ነው፣ ቦርዱም ራሙም ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ዲዲአር4 በሚቀበለው በፊተኛው ሶኬት፣ ኤኤም4 ላይ ቀረሁ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የቢ550 ታላቅ የሆነውን ቢ450 ነበር። ቢ450 መጥፎ ቦርድ አይደለም፣ ግን በ2018 የወጣ ነው፣ 5600 ፕሮሰሰር ደግሞ የ2022። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ኤምኤስአዩ ቢ550 ከጀርባው ባዮስ መጫኛ ቁልፍ አለው፣ ፕሮሰሰር ሳይገባበት እንኳ በፍላሽ ይታደሳል። ግራፊክስ ካርዱንም ፒሲአይኢ 4 በሚባለው ፈጣን መስመር ነው የሚያገናኘው፣ ቢ450 ግን 3 ላይ ነው የቆመው። ትልቅ ካርድ ላላችሁ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። እንደ ራዲዮን 6500 ኤክስቲ ያለ መስመሩ ጠባብ የሆነ ካርድ ላይ ግን በደንብ ይታያል።

የኢንቴል ወዳጆችም ተጠንቀቁ። ለኢንቴል 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚሆኑት፣ ሶኬታቸው ኤልጂኤ1700 የሆነ ቦርዶች አንዳንዱ ዲዲአር4፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ነው፣ ስማቸው ግን ወንድማማች ነው። ካርቶኑን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

አሁን ወደ ራሙ። «አቦ ራም ራም ነው፣ ሁሉም ይገባል» አለኝ ሻጩ። አይገባም! ዲዲአር4ና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 እግር አላቸው፣ ቁመታቸውም እኩል ነው፣ ግን ከታች በኩል ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል። በጉልበት ከገፋችሁት የሚሰበረው ስሎቱ (የራሙ መሰኪያ) ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ባለ 16 ጊጋ ርካሽ ራም ነው። ዋጋውን ስትሰሙ ልባችሁ ይሄዳል። የሰርቨር፣ ማለትም ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ትልቅ ኮምፒውተር ራም ነው። ዲዲአር4 ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ከቻይና የሚመጡት ኤክስ99 ቦርዶች ዜኦን ከሚባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር ጋር ይቀበሉታል፣ እንደኔ ያለው ተራ ቦርድ ግን አይፈልገውም። መለየቱ ቀላል ነው። እንደ ሳምሰንግ ያሉት ራሞች ስቲከር ላይ ፒሲ4 ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፣ ከፍጥነቱ ቀጥላ ከሰረዟ በኋላ የምትመጣዋን የእንግሊዝኛ ፊደል እዩ። ዩ ከሆነች የእኛ ነው፣ አር ከሆነች የሰርቨር፣ ኤስ ከሆነች የላፕቶፕ።

ነጠላ 16 ጊጋ ውሰድና ኋላ ትጨምራለህ የሚልም አለ። ለጌም አልስማማም። ሁለት ፍሬ ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል፣ ፍሬሙ ቶሎ ቶሎ አይቆራረጥም። ግራፊክስ ካርድ ሳትገዙ ውስጡ ግራፊክስ ባለው 5600ጂ ፕሮሰሰር ለመጫወት ካሰባችሁማ ግድ ነው፣ እዚያ ላይ ምስሉን የሚሠራው ክፍል የሚበላው ከዚሁ ራም ነው። ቦርዱ አራት ስሎት ስላለው ወደፊት ለመጨመርም ቦታ አለ።

ሙከራው ራሱ ትያትር ነበር። የሱቁ ልጅ ገጣጥሞ ኬብሉን ቦርዱ ላይ ሰካ፣ ምስል የለም። «ወላሂ ቦርዱ ሞቷል» ብሎ ሊፈታው ሲል፣ 5600 ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ አምጣ አልኩት። አንድ አሮጌ ካርድ ከጓዳ ወጣ፣ ተነሳ። ቀጥዬ ራሞቹን ሳይ አንደኛውና ሁለተኛው ስሎት ላይ ጎን ለጎን ሰክቷቸዋል። እንደዛ ሲሆን ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ሁለት ፍሬ መግዛቱ ምን ጠቀመ? ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ አዛወርናቸው። ቦርዱ ጠርዙ ላይ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ የምትጠቁም ትንሽ መብራት አለችው፣ ራሙ በደንብ ካልገባ የራሟ ትበራለች። ይቺን ነገር ወድጃታለሁ፣ ከግምት ትገላግላለች።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያስሮጠውን የባዮስ ማስተካከያ) ማብራት አትርሱ። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት እንደኔ ያለ ራም ሲነሳ በ2400 ነው የሚሮጠው፣ ባዮስ ገብታችሁ ካላበራችሁት እንደዛው ይቀራል። ካበራችሁት በኋላ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ስታዩት 1600 ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ግማሹን ነው የሚያሳየው።

የድሬ ሙቀትስ? የግንቦትን ከሰዓት የሚያውቅ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ስለሆነ ቦርዱን አያስጨንቀውም፣ ረጅም ሰዓት ስጫወትም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ያው አቧራውን ማራገፍ የእናንተ ፈንታ ነው። ከቦርዱ ያልወደድኩት ዋይፋዩን ብቻ ነው፣ አሮጌው ዋይፋይ 5 ነው። ራውተራችሁ ቅርብ ከሆነ በኬብል ተገናኙ።

ስለ ሱቁ፦ ካርቶን ከፍተው ማስሞከራቸውን አደንቃለሁ፣ ብዙ ቦታ «ከተከፈተ ተሸጠ» ነው። ደረሰኝ ለማግኘት ግን መጨቃጨቅ ነበረብኝ፣ ዋስትናውም በአፍ ብቻ ነው። በወረቀት ይጻፍልኝ ስል የቦርዱን መለያ ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ፣ እሱንም ፊቱን አጨፍግጎ። እናንተም አስጽፉ። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው አረፍ ይላል፣ ማታ ደግሞ ወረፋ ስለሚሆን ለሙከራ ትዕግስት ያለው ሻጭ አታገኙም። ፓወር ሰፕላይ ግን እዚያ አልገዛም፣ ያሳየኝ ሁሉ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ እጅ ላይ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ቀላል ነገር ነው።