ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ታማሚ ላላችሁ

እማዬ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር አለባት። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ኬሞ ወስዳ በተመለሰች ቁጥር ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ የምታያት አንዲት ነርስ አለች። "ስሜን አትጻፊ" ስላለችኝ ሲስተር ብቻ ልበላት።

መርፌዋ አያምም ትላለች እማዬ። አንድ ሌሊት 38.4 ሲያተኩሳት ደወልኩላት። "ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እንዳትተኙ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!" አለችኝ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ትኩሳት ቀልድ አይደለም። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ለሌላ ውለታዋ ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሃይፔክ ስለሚባል የሞቀ ኬሞ ነገረን። አንድ ደላላ ደግሞ "ህንድ ላስወስዳችሁ" አለ። ቤቱን ልንሸጥ ተነሳን። ሲስተር ይሄን ስትሰማ ቡና ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችን። በደም ስር የሚገባው ኬሞ የሆድ እቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ጋ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ ሃይፔክ ላይ፣ በዓይን የሚታየው እጢ መጀመሪያ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዚያ እዚያው ከ41 እስከ 43 ዲግሪ የሞቀ መድኃኒት ሆድ ውስጥ እንዲዘዋወር ይደረጋል፤ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። መድኃኒቱ የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

"እማማ፣ ያረረ ድስት በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቅልዎታል? መጀመሪያ ይፋቃል እንጂ" አለቻት።

ጀርመን ውስጥ በ2011 እንደ ፈረንጆች የተጀመረ ፓይፓክ የሚባልም አለ። በትንንሽ ቀዳዳ ተገብቶ መድኃኒቱ እንደ ጉም ይረጫል። እማዬ "እንደ ፍሊት ማለት ነው?" ስትል በሳቅ ሞትን።

ሲስተር ተስፋ አልቆረጠችብንም፤ አላጋነነችልንምም። በ2018 የወጣ የሆላንድ ጥናት ነገረችን። ደረጃ ሦስት (ሆድ ውስጥ የተዛመተ፣ ከሆድ ውጭ ግን ያልደረሰ) የኦቫሪ ካንሰር ላለባቸው ሴቶች ቀዶ ሕክምናው ላይ ሃይፔክ ሲጨመር መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ33.9 ወደ 45.7 ወር ከፍ ብሏል። አንድ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። "ትንሽ አይደለም፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሚወስኑት ሐኪሟ ናቸው" ብላ የምንጠይቃቸውን በወረቀት ጻፈችልን፦ ከሆድ ውጭ ተዛምቷል? እጢው ሁሉ ሊወጣ ይችላል? አቅሟ ቀዶ ሕክምናውን ይችላል?

ሐኪሟ ሳንባዋም ላይ ስላለ አይሆንም አሉን። አለቀስን። በደም ስር የሚሰጠው ኬሞ ቀጠለ። ደላላውን ብሎክ አደረግሁት።

ሲስተር ቃሊቲም ኮዬ ፈጬም ትሄዳለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ደውሉላት።