ለትልቅ ቤተሰብ የተከራየነው ሚኒባስ፦ ከፒያሳ እስከ ላንጋኖ

ፒያሳ ከሚገኝ አንድ አከራይ ከነሾፌሩ የወሰድነው አባዱላ ሚኒባስ፣ አያትን፣ ልጆችንና የአክስት ልጆችን ይዞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ላንጋኖ ለመጓዝ ወንበሩ ይበቃል፤ ዕቃው ግን ፈጽሞ አልታሰበበትም። ፍራሹ፣ ድንኳኑና የውኃ ጀሪካኑ ጣሪያው ላይ ባለው ዕቃ መጫኛ (ፖርቶ መጋላ) መጫን ሲኖርባቸው፣ መኪናው የመጣው ያለ ሸራና ያለ ገመድ ነበር፤ በክረምት መዳረሻ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቡታጋዙን ልጆች በተቀመጡበት ክፍል መጫን አደገኛ ስለሆነ እቤት ተውነው።

ሾፌሩ እጅግ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደልብ መቆም ስለማይቻል፣ በመንገዱ መግቢያ በቱሉ ዲምቱ ከመግባታችን በፊት አቁሞ እማማንና ሕፃናቱን በትዕግሥት አሳረፈልን። የዋጋ ክርክር እንዳይነሣ፣ ነዳጅና የሾፌር አበል በኪራዩ መካተታቸውን በውሉ ላይ አስጽፉ።