አንድ ፒካፕ ይበቃል? ባለ አንድ ፒካፕ ጊታር ከወራት አገልግሎት በኋላ

መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ለእኔ በቅቶኛል። ፒካፕ የምለው ከክሮቹ ሥር ያለውን፣ የክሩን ውዝዋዜ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው። የምኖረው ደሴ ነው። በሰርግና በሆቴል መድረክ ላይ ከማሲንቆ፣ ከክራር፣ ከባስና ከኪቦርድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ለዚህ ሥራ ባለ ሁለት ፒካፑን ትቼ ባለ አንዱን መርጫለሁ። ጊታሯ ክረምቱን አብራኝ ከረመች፣ የጥርን ሰርግ ሠራች፣ አሁን የበልግ ዝናብ ላይ ደርሳለች። ስለዚህ የምጽፈው አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ደስታን አይደለም። ከለመድኳት በኋላ ያወቅኩትን ነው።

ጊታሯ የጊብሰን ኩባንያን ሌስ ፖል ጁኒየር አሠራር የተከተለች ናት። ጠፍጣፋ የማሆጋኒ እንጨት አካል አላት። ብሪጁ (የክሮቹ ማረፊያ) አጠገብ ፒ-90 የሚባል አንድ ፒካፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን (ቀጭኑን ድምጽ የሚቀንስ ቁልፍ)፣ አለቀ። መቀያየሪያ ስዊች የለም። ብሪጁም ክሮቹ በላዩ ዞረው የሚያርፉበት አንድ ወጥ ብረት ነው።

ዋናዋ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትወጣ የታሰበችው ለተማሪና ለጀማሪ ነበር። ዋጋዋ እንዲቀንስ ሁለተኛው ፒካፕ ቀረ። ሌላው የጊታር አምራች ፌንደርም ከዚያ ቀደም ብሎ በ1950 ኤስኳየር የተባለ ጊታሩን በአንድ ፒካፕ አውጥቶ ነበር። የጀማሪ የተባለችው ጁኒየር ግን ቆይታ የሮክ ባንዱ ማውንቴን ጊታሪስት ሌስሊ ዌስት እጅ ገባች። በትልልቅ መድረኮች ላይም ስሟን ተከለች። «አንድ ፒካፕ ያለው ጊታር ጎዶሎ ነው» ለሚል ሰው ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ከእሷ በፊት የምይዘው ሀምበከር የሚባል ወፍራም ድምጽ ያለው ፒካፕ ሁለት ያለው ጊታር ነበር። ጥሩ ጊታር ነው፣ አሁንም ቤት አለ። አንገቱ ጋ ያለው ፒካፕ ለብቻዬ ቤት ስቀመጥ ልብ ይሰርቃል። መድረክ ላይ ግን ሌላ ነው። ባሱ ታች አለ፣ ከበሮው ታች አለ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅም እዚያው አለ። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ወፍራም ድምጽ ይዤ ስጨመር ማንም አይሰማኝም። ሳውንድ ማኑ ከፍ ሲያደርገኝ ሁሉም ነገር ይድበሰበሳል። ስለዚህ ስዊቹ ምሽቱን ሙሉ ብሪጅ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ፒካፕ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ሳይ ነው ስለ ባለ አንዱ ማሰብ የጀመርኩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንገቱ ፒካፕ የሚቀመጠው ከብሪጁ ሲለካ የክሩ ርዝመት ሩብ አካባቢ ነው። እዚያ ቦታ ክሩ በሰፊው ይወዛወዛል። ብሪጁ ጥግ ግን ውዝዋዜው ጠባብ ነው። ወፍራሙ ድምጽ ይቀንስና ቀጫጭኖቹ ጎልተው ይሰማሉ። አንድ አካል፣ አንድ ክር ሆኖ ሁለት የተለያየ ድምጽ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስዊች ሲቀር ሥራው ወደ እጅ ይመጣል። የክራር ሰው ይህን ያውቀዋል። ክራር ላይ የሚጫን ስዊች የለም። ግርፍ ከፈለክ ትገርፋለህ፣ ድርድር ከፈለክ ትደረድራለህ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጣት ነው። በዚህችም ጊታር ቀኝ እጄ ብሪጁን ተጠግቶ ሲመታ ድምጹ ይሰላል፣ ይናከሳል። ፒካፑን አልፌ ወደ አንገቱ ጫፍ ስጠጋ ይለዝባል። ባዶውን ክር ልክ ሩቡ ላይ ብትመቱት አራተኛው ሃርሞኒክ (በዋናው ድምጽ ላይ የሚደረብ ቀጭን ድምጽ) አይነሳም፣ ስለዚህ ጠርዙ ይለሰልሳል። ሁለተኛ ፒካፕ ስለሌለም እዚያ ቦታ ላይ እጄን የሚያግደው ነገር የለም። ፒኩ (የክር መምቻው) ጠለቅ ብሎ ቢገባ ከፕላስቲክና ከብረት ጋር አይጋጭም። በጣት ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው።

ቮልዩሟ ደግሞ ሁለተኛ እጄ ሆናለች ማለት እችላለሁ። አምፑን (የጊታሩን ድምጽ ማጉያ) ድምጹ በትንሹ መሰንጠቅ እስኪጀምር ከፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ አምፑ ጋ አልሄድም። ቮልዩሙ 4 ላይ ሲሆን ድምጹ ንጹህ ነው፣ ዘፋኟ ስትዘፍን እዚያ እቆያለሁ። ችክችካው ሲጀመር 6 ላይ አደርገዋለሁ። ተራው የእኔ ሲሆን 10። ይህን ሁሉ የማደርገው በትንሿ ጣቴ ነው፣ መምታቴን ሳላቆም። ቁልፏ ከክሮቹ አጠገብ ስለሆነች ጣቴ ሳይፈልግ ያገኛታል። በባለ አራት ቁልፉ ጊታር ግን ጭፈራው ሲደምቅ የትኛው ቁልፍ የየትኛው ፒካፕ እንደሆነ ለማየት አንገት መድፋት ነበር።

አንድ ነገር ግን ተስተካክሎላታል። ቮልዩሙ ሲቀንስ የድምጹ ጠርዝም አብሮ ይጠፋ ነበር። ይህ የዚህች ጊታር ብቻ ችግር አይደለም። ኬብሉ ራሱ እንደ ካፓሲተር ስለሚሠራ፣ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ቀጭኑን ድምጽ ይበላል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ቮልዩሙ ላይ አንዲት ትንሽ ካፓሲተርና ሬዚስተር በየደልኝ። አሁን 4 ላይም ጥርት ብላ ትሰማለች። ውስጧን ከፍተን ስናይ ያለው ሁለት ፖት (ቁልፎቹ የሚያዞሯቸው ተቀያያሪ ሬዚስተሮች)፣ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ ጃክና ጥቂት ሽቦ ብቻ ነው። ጠጋኙ ጊታር ነክቶ አያውቅም፣ ግን ምንም አልጠፋበትም። የጊታር ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮው ጊታሬ ስዊች አቧራ ገብቶበት መንጫጫት ሲጀምር ስንት ጊዜ ሰርግ መሀል እንዳስጨነቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ ስለ ጊታር ብዙ አይናገሩም። ይህችን ይዤ ከተጫወትን በኋላ ግን ዕቃ ስንሰበስብ ጠጋ አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ገና የራሴን ማሲንቆ ሰማሁት። ምን አደረግክ?»
«ምንም ጋሼ፣ ጊታር ቀየርኩ።»
«እንዳትመልሰው።»

የሆነው ይህ ነው፦ ፒ-90ው በዝቅተኛ ድምጽም ተለይቶ ስለሚሰማ መጮህ አያስፈልገኝም። እኔ ዝቅ ስል ማሲንቆው ቦታ ያገኛል።

ስለ ቅኝት ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ወሎዬ አልባልም። አምባሰልና ባቲ የእኛ አገር ስሞች ናቸው፣ መድረክ ላይ ሳይጠየቁ የሚያልፉበት ምሽት የለም። አምባሰልን ከሲ (C) ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። የቅኝቱ ነፍስ ያለው ሲና ዲ ፍላት መሀል ባለችው ጠባብ ርቀት ውስጥ ነው። ያቺ ርቀት መሰማት አለባት። ጣት ከዲ ፍላት ወደ ሲ ሲንሸራተት ሁለቱ ድምጾች ከተቀላቀሉ አምባሰሉ ጠፋ። ሀምበከሩ አንገት ጋ ሲሆን ያደበዝዛታል፤ ፒ-90ው ብሪጅ ጋ ሆኖ እያንዳንዷን ለይቶ ያወጣታል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ሲና ጂ ፍላትን አንድ ላይ ሰንጠቅ ባለ ድምጽ ስመታ ሻካራነቱ ይወጣል፣ ግን ሁለቱም ኖታ በየራሱ ይሰማል። እኔ ጊታሯን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለቱን ይዤ የማገኘው ጣዕም አይደለም።

እንከንም አለ። ወጥ የሆነው ብሪጅ ክሮቹን አንድ በአንድ ማስተካከል አይፈቅድም። ሦስተኛው ክር፣ ጂው፣ ላይኞቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ ቅኝቱ በትንሹ ከፍ ይላል። ብሪጁ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች በመጠኑ አዙሬ አሻሽዬዋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። በተራ ኮርድ ማንም አያውቀውም። አምባሰል ላይ ግን ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ያቺን ጠባብ ርቀት በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ክር ላይ እጫወታለሁ። ሌላው፣ ይህ ዓይነት ፒ-90 በቀጥታ አካሉ ላይ ስለሚታሰር ከፍታውን ለመቀየር ከሥሩ የሚገባ ሽብልቅ ያስፈልጋል። ስድስቱ የፒካፑ ብሎኖች ግን በየክሩ ይዞራሉ። የጂውን ብሎን ዝቅ፣ የቀጭኗን ክር ከፍ ሳደርግ ሚዛኑ መጣ። ከ10 እስከ 46 የሆነ ክር (ውፍረቱ በኢንች ሺኛ) ነው የምጠቀመው፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።

አሁን ስለ ጩኸቱ። መሸፋፈን አያስፈልግም፣ ፒ-90 ይጮኻል። አንድ ጥቅል ብቻ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን የመብራት ኃይል ሞገድ እንደ አንቴና ይሰበስባል። ሀምበከር በተቃራኒ የተጠመዱ ሁለት ጥቅሎች ስላሉት ጩኸቱን እርስ በርሱ ያጠፋዋል። መሐንዲሱ ሴዝ ላቨር ጊብሰን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራውም ለዚሁ ነው። ባለ ሁለት ፒካፕ የሆኑ ብዙ ጊታሮችም ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ዝም ይላሉ፣ ሁለተኛው በተቃራኒ ስለሚጠመጠም። ባለ አንዷ ይህ መውጫ የላትም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ጩኸቱ ከጂ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዘፈኑ ራሱ በጂ ሲሆን ብዙ አያስቸግርም። በኤፍ ሲሆን ግን ዘፈኑ ሲያልቅ በደንብ ይሰማል።

በጣም የሚብሰው የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ከራሴ በላይ የተንጠለጠለው አምፖል ሁሉ ይበራል፣ ጊታሯም ታጉረመርማለች። መፍትሔው ቁመና ነው። ሰውነቴን ቀስ እያልኩ ሳዞር ጩኸቱ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ አገኘውና እዚያ እቆማለሁ። ዘፈን ሲያልቅ ቮልዩሙን እዘጋለሁ። ውስጧን በመዳብ ወረቀት አልብሻታለሁ፣ መንጫጫቱን ቀንሶታል። ከጄኔሬተሩና ከትራንስፎርመሩ በማግኔት የሚመጣውን ጉርምርምታ ግን መዳብ አያቆመውም። ድምጹን በጣም አክርሮ ለሚጫወት ሰው ይህ ብቻውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው።

ክብደቷ ቀላል ነው፣ ትከሻ አያደክምም። ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ናቸው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ቁልቁለቱን ወርደን ስንደርስ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ስለዚህ ቦርሳውን ከፍቼ አየሩን እስክትለምድ እተዋታለሁ፣ ከዚያ እቃኛለሁ። ክረምቱን አንገቷ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር፣ አንገቷ ውስጥ ባለው የማስተካከያ ብረት (ሮድ) አስተካከልኩት። ይህ በየትኛውም ጊታር ላይ ያለ ነው።

የሚናፍቀኝ አንድ ነገር አለ፣ ትዝታ። ምሽቱ ሲበርድ፣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ፣ ጊታርና ድምጽ ብቻ ሲቀሩ የአንገቱን ፒካፕ እፈልገዋለሁ። ቶኑን 3 ላይ አድርጌ እጄን አንገቱ ጫፍ ላይ ሳሳርፍ ወደዚያ እቀርባለሁ፣ ግን አልደርስበትም። ቶን የሚያደርገው መቀነስ ነው፤ ቀጭኑን ይወስዳል፣ ስፋቱን አይጨምርም። ሙሉ ምሽት ትዝታ የሚጫወት፣ ወይም ሆቴል ውስጥ ጃዝ ኮርድ የሚደረድር ሰው ባለ ሁለቱን ይያዝ። የመዝሙር ባንድ ውስጥ በንጹህ ድምጽና በዲሌይ (ድምጹን እንደ ገደል ማሚቶ በሚደጋግም መሣሪያ) ለሚጫወቱም እንዲሁ። ባለ ሁለት ፒካፕ ላይ ያለው ምርጫ ለእነሱ ሥራ የሚጠቅም ነው።

ባንድ ውስጥ ለሚጫወት፣ በተለይ ማሲንቆና ክራር ባሉበት፣ ባለ አንዷን ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በያዛችሁት ጊታር ሞክሩት። ስዊቹን ብሪጅ ላይ አድርጉና በፕላስተር ለጥፉበት። ለተወሰኑ ልምምዶችና ለአንድ ሙሉ ሰርግ እንዲሁ ተጫወቱ። እጃችሁ በየዘፈኑ ፕላስተሩን ለማንሳት ከፈለገ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ካልፈለገው ሱቅ ሂዱ፣ መጀመሪያ ግን የሦስተኛውን ክር 12ኛ ፍሬት ተጭናችሁ፣ እዚያው ክሩን ሳትጫኑ በመንካት ከሚወጣው ሃርሞኒክ ጋር አስተያዩ። በጣም ከተራራቀ ሌላዋን አምጡልኝ በሉ።