ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም፦ ደሴ ላይ 8 ወር ተጫውቼበት ያየሁት

ፕሌይስቴሽን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጨዋታ ማሽን ነው፤ እኔ ባለፈው ኅዳር ነው የገዛሁት። ስሊም የሚባለው ዓይነት፣ 500 ጊጋባይት፣ ሰው የተጫወተበት፤ ከሁለት ጆይስቲክና ከሦስት ሲዲ ጋር። አሁን ሐምሌ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ አልገለጥ ብሏል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔም ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ልገዛ ስል ያየኋቸው ግምገማዎች ሁሉ መብራት በማይጠፋበት አገር የተሠሩ ነበሩ። ስለ ምስሉ ጥራት አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ምን እንደሚሆን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ለእኔ ቤት ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር።

ዋጋ አልጠቅስም። በየወሩ ስለሚቀያየር ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

ዕቃው አዲስ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 4 በፈረንጆቹ 2013 ወጣ፣ ስሊሙ በ2016 ተከተለ፣ 5ኛው ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ገበያ ላይ ነው። ታዲያ ለምን አሮጌውን ገዛህ ለሚለኝ መልሴ ሲዲ ነው። በኢንተርኔት ጨዋታ ለመግዛት አካውንት ስትከፍቱ አገር ምረጡ ይላችኋል፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የሌላ አገር ሰው መስላችሁ፣ የዚያን አገር ካርድ ከሰው ገዝታችሁ፣ ከዚያ 40 እና 50 ጊጋባይት በስልክ ዳታ ልታወርዱ? እኔ አልሞከርኩትም። ሲዲ ከሆነ ግን አስገብቼ፣ ሲጫን ጠብቄ፣ ያለ ኢንተርኔት እጫወታለሁ። የጨረስኩትን ለሌላ ሰው ሰጥቼ የእሱን እቀበላለሁ። በ8 ወር ውስጥ 7 ጨዋታ እጄ ገብቶ ወጥቷል፤ ገንዘብ የከፈልኩት ግን ለሁለቱ ብቻ ነው።

ይህ ነገር እየቀረ መሆኑ ያሳዝነኛል። ልጅ ሆነን ፒያሳ አካባቢ በየጌም ቤቱ የምንራኮትበት ፔስ የሚባለው የኳስ ጨዋታ በፈረንጆቹ 2021 ኢፉትቦል ተብሎ በኢንተርኔት የሚወርድ ነፃ ጨዋታ ሆነ። በሲዲ የመጨረሻው 2021 የሚለው ነው። እሱን አግኝቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማንም አላውሰውም።

አሁን ወደ መብራቱ። ጥር ላይ አንድ ማታ አዲስ ሲዲ እየጫንኩ ሳለ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው ስከፍተው አልነሳም አለ። ሰማያዊ መብራት ያሳያል፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው የሚያውቅ ልጅ ያሳየኝን ልጻፍላችሁ፤ አንድ ቀን ያድናችኋል። መጀመሪያ ዕቃውን አጥፉት። ከዚያ የፓወር ቁልፏን ተጭናችሁ አትልቀቁ፦ አንዴ ጢጥ ትላለች፣ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛ ጢጥ ስትል ልቀቁ። ሴፍ ሞድ የሚባለው፣ ዕቃው አልነሳም ሲል የሚስተካከልበት ገጽ ይከፈታል። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፤ ገመዱ ደግሞ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ መሆን የለበትም፣ ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን። እኔ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው፤ ዕቃው ተበላሸ ብዬ ሳዝን ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን፣ ዳታቤዙን እንደ አዲስ የሚያደራጀውን ምረጡ። ጨዋታችሁን አያጠፋም። 6ኛውንና 7ኛውን ግን እንዳትነኩ፤ ሁሉንም ጠራርገው ነው የሚያጠፉት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጫለሁ። ሬስት ሞድ የሚባለውን፣ ብርቱካናማ መብራት እያሳየ የሚያንቀላፋበትን፣ ጨርሶ ትቻለሁ፤ በእንቅልፉ ላይ መብራት ከሄደ በሥርዓት አልጠፋሁም ብሎ ዲስኩን ሲፈትሽ ይቆያል። ስጨርስ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣም ትንሽ ረግቶ እስካይ ድረስ አልሰካም። ለፍሪጅ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለዚህም ማድረግ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ ጥቂት የሚያቆየው ማለቴ ነው። ያገለገለ ገዝቼ ባትሪውን አስቀየርኩ። ስሊሙ ቢበዛ 165 ዋት ነው የተጻፈበት፣ ቴሌቪዥኔም ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ሁለቱን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ያቆይልኛል። የጀመርኩትን ሴቭ አድርጌ ለማጥፋት ይበቃኛል። ከጨዋታ ሲዲ በፊት ዩፒኤስ ግዙ የምለው ከልቤ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ደሴ ለዚህ ዕቃ የታደለች ከተማ ናት። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ብርዱ አያሠራም፤ ማታ ጋቢ ለብሼ ስጫወት የማራገቢያው ድምፅ እምብዛም አይሰማኝም። ለዒድ ኮምቦልቻ እታለም ቤት ይዤው ወረድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሀረጎን ወርዶ አየሩ ወዲያው ይለወጣል። እዚያ ከሰዓት በኋላ የእህቴን ልጆች አስቀምጬ ኳስ ስናጫውት ማራገቢያው እየጮኸ እታለም «ይኼ ነገር አይፈነዳም?» እስክትል አደረሳት። አልፈነዳም፣ አልጠፋምም። ግን ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ጨርቅ ሳታለብሱ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት።

ደሴ ስመለስ ማስከፈት ፈልጌ ወደ ሠራተኛ ወሰድኩት። ክዳኑ ሲነሳ ያየሁትን አልረሳውም። በማራገቢያው ክንፎች መሃል አቧራው ተጠቅልሎ እንደ ባዘቶ ሆኗል፤ ይህስ ይጠበቃል። ያስደነገጠኝ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ መሆኑ ነው። ሠራተኛው አሸተተውና «ቡና የምታፈሉበት ክፍል ነው?» አለኝ። አዎ ነው። ረከቦቱና ዕቃው የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነበር፤ የዕጣኑ ጢስ፣ የከሰሉ አመድ፣ የሚቆላው ቡና፣ ሁሉንም ማራገቢያው ሲስበው ከርሟል። ቡናውን አላስቀረሁም። ዕቃውን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አወጣሁት፤ ቡና ሲፈላም አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ እንደ መጀመሪያው ሆኗል።

ደካማው ጎኑ ጆይስቲክ ነው፤ እዚህ ላይ ምንም አልሸፍንም። ከዕቃው ጋር ከመጡት አንዱ የካቲት ላይ ግራው መዘውር፣ በአውራ ጣት የሚገፋው፣ መሸሽ ጀመረ። ሳልነካው ተጫዋቼ ቀስ እያለ ወደ መስመር ይሄዳል። ሲከፈት ምክንያቱን አየሁት። ከመዘውሩ ግርጌ በጎንና በጎን ሁለት ትናንሽ አረንጓዴ ሳጥኖች ተለጥፈዋል፤ ውስጣቸው ጥቁር ቀጭን መስመር አለ፣ መዘውሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዲት የብረት ቅጠል መስመሩን እየታከከች ትሄዳለች። መስመሩ ሲበላ ንባቡ ይዛባል። ማጽዳት ለጊዜው ይረዳል፤ እኔ አጽድቼው አንድ ወር ከምናምን ሠራልኝ፣ ከዚያ ተመለሰ። እውነተኛው መፍትሔ መዘውሩን ማስነቀልና አዲስ ማስበየድ ነው፤ እጁ ያልተፈታ በያጅ ግን ቦርዱን ያቃጥለዋል።

በዚያው ሰሞን በችኮላ ከገበያ አንድ «አዲስ» ጆይስቲክ ገዛሁ። መልኩ አንድ ነው፣ ካርቶኑም ያምራል። ስታነሱት ይቀልላል፤ መሃል ያለውን ሰሌዳ በጣት ስታሻሹት አይሰማም፤ በሁለት ወሩ ቻርጅ መያዝ አቆመ። ስትገዙ ካርቶኑን ትታችሁ እዚያው አሰኩና ሰሌዳውን፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን፣ ንዝረቱን ሞክሩ። የማያስሞክር ሻጭ ካለ ጥላችሁ ውጡ። ያገለገለ ኦሪጅናል፣ መዘውሩ የተቀየረም ቢሆን፣ ከአስመሳዩ አዲስ እጅግ ይሻላል።

ጨዋታው የሚጫንበትን የውስጥ ዲስክ መጋቢት ላይ ቀይሬዋለሁ። ስሊሙ ለዚህ ምቹ ነው፤ ከኋላ ጥግ ላይ ያለችው ክዳን በጣት ትወጣለች፣ የዲስኩን መያዣ የያዘችው አንዲት ቡሎን ብቻ ናት፤ ዲስኩን ከመያዣው ጋር የሚያስሩት ደግሞ አራት ናቸው። የላፕቶፕ መጠን ኤስኤስዲ፣ ከተለመደው ዲስክ የሚፈጥነው ዓይነት፣ ይገባል። በፊት ሴቫችሁን በፍላሽ ገልብጡ፣ ሲስተሙን እንደገና የሚጭነውን ከ1 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ደግሞ ዋይፋይ ካለበት አውርዱ። ጨዋታ ሲከፈት የነበረው ረጅም ጥበቃ በጣም አጥሮልኛል። የምስሉ ጥራት አይለወጥም፣ ያንን አትጠብቁ።

ጨዋታዎቹስ? ልጆች ሳለን በጌም ቤት የምንከፍለው በጨዋታ ስለነበር ከኳስ ሌላ አናውቅም። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ዛሬም ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜ ሲመጣ የሚከፈተው ኳስ ነው። ፊፋ የሚለው ስም ከፊፋ 23 በኋላ ቀርቶ ኤፍሲ ቢባልም ሁላችንም አሁንም ፊፋ ነው የምንለው። ለሁለት ሰው በአንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ለመጫወት ከኳስ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም፤ የየዓመቱ ለውጥ ግን ጥቂት ስለሆነ የሁለት የሦስት ዓመት አሮጌውን ሲዲ ግዙ፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ሰው ነኝ። አሁን በዕድሜዬ የምወደው ረጅም፣ በዝግታ የሚሄድ፣ ብዙ አገር የሚያዞር ጨዋታ ነው። ከሁሉም አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ ልቤን ወሰደው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ነው፣ ታሪኩ በክሊዮፓትራ ዘመን ግብፅ ነው። ውጊያው ጥሩ ነው፣ ግን እኔን የያዘኝ ወንዙ ነው። ከቄጠማ የተሠራች ጀልባ ላይ ወጥታችሁ በዓባይ ላይ ስትሄዱ ዳርና ዳሩ የሚታጨደው እህል፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ከውሃው ብቅ የሚለው ጉማሬ፣ ሁሉም እየተንቀሳቀሰ ያልፋል። በየመሃሉ ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግም ለመብራታችን የተመቸ ነው። ኳስ በ80ኛው ደቂቃ መብራት ከሄደበት ጨዋታው አለቀ፤ ይህ ግን የሚያስመልሰኝ ጥቂት እርምጃ ነው።

ሰኔ ላይ እናቴ ከተንታ መጥተው ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። ማታ 3 ሰዓት ገደማ እኔ ስጫወት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ጦርነት ሲሆን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ጀልባዋ ላይ ስወጣ ግን ይመለከታሉ።

«ይኼ ምን ውሃ ነው?» አሉኝ አንድ ማታ።

«ዓባይ ነው እማ፣ ግብፅ ደርሶ።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩና «እንግዲያው በሽሎም እዚህ ውስጥ አለ» አሉ።

አለ። ከተንታ ሥር የሚያልፈው በሽሎ ዓባይ ነው የሚገባው። ከደሴ የሚወርደው ቦርከና ወደ አዋሽ ሄዶ በረሃ ላይ ይቀራል፤ የእሳቸው ወንዝ ግን እዚያ ይደርሳል። ይህን ጨዋታ ለወራት ስጫወት አንዴም አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ያን ውሃ ክፈተው» ይሉኛል። ውጊያውን ትቼ ጀልባዋን ብቻ እነዳለሁ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው «ወደ ላይ ንዳው፣ ወደ እኛ» አሉኝ። ነዳሁት። ካርታው ግብፅ ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አያሳልፍም። ጀልባዋን እዚያው አቆምኳት፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትገባ አብረን አየናት፣ ከዚያ አጥፍቼ ሶኬቱን ነቀልኩ።